የምስል ማኅደረ ትውስታ፦ የጋራ ወይስ የግል?

በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ነጥብ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ቦታ ይሻል። የዜሮክስ ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ የሠሩት አልቶ፣ 606 በ808 ነጥብ የሆነውን ጥቁርና ነጭ ምስሉን ለመያዝ ከ128 ኪሎባይት ዋና ማኅደሩ እኩሌታ ያህሉን ይወስድ ነበር። አይ ቢ ኤም በ1981 ለግል ኮምፒውተሩ ያቀረበው ባለቀለም ግራፊክስ ካርድ ግን የራሱ 16 ኪሎባይት ነበረው። ኢንቴል በ1999 ለርካሽ ኮምፒውተሮች ባወጣው 810 ቺፕሴት ምስሉን ወደ ዋናው ማኅደር መለሰው፤ ወጪው ቀነሰ፣ ፕሮሰሰሩና ምስሉ ግን በአንድ መንገድ ይሻሙ ጀመር።

የዛሬዎቹ ላፕቶፖች ሁለቱንም ዘዴ ወርሰዋል። ስለዚህ ገዢ የጊጋባይቱን ብዛት ከመመልከቱ አስቀድሞ፣ ማኅደሩ የምስሉ የግሉ ነው ወይስ የጋራ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ የጋራ ከሆነ፣ ምስሉ የወሰደው ሁሉ ከሌላው ሥራ የተቀነሰ ነውና።