የጫካ ኦርኪዶቻችን ስም አወጣጥ

ስም የታሪክ ምስክር ነው። በአዲስ አበባ የቂርቆስ ሰፈር ስሙን ያገኘው በሕፃኑ ሰማዕት ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች፣ ማለት ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ስም ነው። ስሙን ያመጡት ወጥተው ሄደዋል፤ ከ2024 ወዲህም በአካባቢው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ስሙ ግን ቀርቷል። የዕፅዋትም ስም እንደዚሁ ማን፣ መቼና በምን ማስረጃ እንዳወጣው ይናገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ደን ውስጥ ከምድር የሚበቅሉ ኦርኪዶች እንዴት በሳይንስ መዝገብ እንደ ገቡ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከኦርኪዶች ብዙዎቹ በዛፍ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ሌሎቹ ግን ከደን አፈርና ከረገፈ ቅጠል መካከል ይበቅላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በበጋ ከመሬት በታች ተሠውረው ከርመው ዝናብ ሲመጣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ አበባቸውን ያሳያሉ። ዘራቸው እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለ ሆነ የራሱ ስንቅ የለውም፤ ለመብቀል በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሊመግበው ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛፉ ተቆርጦ አፈሩ ሲደርቅ ኦርኪዱም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ዝርያ «አዲስ ተገኘ» ሲባል ከዚያ በፊት ያየው ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። የአገሩ እረኛ ከአባቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ሊሆን ይችላል። በሳይንስ አዲስ የሚባለው ከታወቁት ሁሉ ጋር ተነጻጽሮ ልዩ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ መልኩ ተገልጾ ሲታተምና ስሙ የተመሠረተበት የደረቀ ናሙና በታወቀ ቦታ ሲቀመጥ ነው። የዕፅዋት ስም አቆጣጠር ሊኔ በ1753 ካሳተመው መጽሐፍ ይጀምራል፤ ለአንድ ዝርያ ሁለት ስም ሲወጣም እንደ ደንቡ የሚጸናው ቀድሞ የታተመው ነው።

በአገራችን የዚህ ሥራ መጀመሪያ ብዙ ሕይወት የጠየቀ ነበር። ከ1839 እስከ 1843 በሌፌቭር ይመራ ከነበረው የፈረንሳይ ጉዞ ጋር ካርቲን ዲዮንና ፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች መጡ። የመጀመሪያው በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛውን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የላኳቸውን ዕፅዋት በፓሪስ የመረመረው አሺል ሪሻር ሐቤናሪያ ክዋርቲኒያናና ሐቤናሪያ ፔቲቲያና በሚባሉት የምድር ኦርኪዶች ስም መታሰቢያ ትቶላቸዋል። መንገድ የመሯቸው፣ ጓዛቸውን የተሸከሙላቸው የአገር ሰዎች ግን በስሞቹ ውስጥ የሉም።

ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 መጥቶ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ በእንትጮም ተሾመ። ደጃዝማች ውቤ በ1855፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በደጃዝማች ካሣ ድል በሆኑ ጊዜ ሹመቱን አጣ፤ ነገር ግን አገሩን ሳይለቅ በ1878 በዓድዋ ሞተ። እርሱ ከሰበሰበው ውስጥ ራይኸንባኽ በ1881 ዲስፔሪስ አንቶሴሮስ ብሎ የሰየማት ትንሽ የጫካ ኦርኪድ ትገኛለች። ሁለት ትይዩ ቅጠሎች አሏት፤ ነጭ አበባዋም ከራሱ ላይ እንደ ቀንድ የቆመ ነገር አለው።

ራይኸንባኽ በ1889 ሲሞት የኦርኪድ ስብስቡን ለቪየና ቤተ መዘክር አውርሶ፣ ለ25 ዓመት ታሽጎ እንዲቆይ ተናዘዘ። ስለዚህ አዲስ ያገኙትን ከእርሱ ናሙና ጋር ለማነጻጸር የፈለጉ ሊቃውንት ሁሉ እስከ 1914 ድረስ ደጅ ጠኑ። ከዚያም በመጋቢት 1943 የበርሊን የዕፅዋት ስብስብ በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ፤ ከአፍሪካ የሄዱ ብዙ የኦርኪድ ናሙናዎችም አመድ ሆኑ። ለሺምፐር ሥራ የበጀው ከአንድ ዕፅ ብዙ ቅጂ አድርቆ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች መላኩ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ማስረጃው በሰው አገር ሲቀመጥ፣ የአገሩ ተማሪ በእጁ ያለው አበባ አዲስ ይሁን የታወቀ ለመለየት ባሕር መሻገር ነበረበት። ይህ መለወጥ የጀመረው በ1959 የብሔራዊ የዕፅዋት ስብስብ በአዲስ አበባ ሲቋቋም ነው። ከ1980 እስከ 2009 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት የኦርኪዶቹ ክፍል በ1997 ታተመ፤ በ2004ም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከክሪብና ከራስሙሰን ጋር የኢትዮጵያን ኦርኪዶች የሚያሳይ መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ ተማሪ፣ ቀድሞ ፓሪስና ቪየና የሚያስኬደውን ምርመራ በአገሩ ሊጀምር ይችላል።

ይሁን እንጂ የደረቀ ናሙና ምስክር እንጂ ሕይወት አይደለም። የሰፈር ስም ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ እንደሚቀር፣ የኦርኪድም ስም ደኑ ካለቀ በኋላ በወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወደ ደን የሚሄድ ተማሪ ብርቅ አበባ ባየ ጊዜ ከነሥሩ ለመንቀል አይቸኩል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአፈሩንና የዛፎቹን ዓይነት ይጻፍ፤ ሥዕሉን ያንሣ፤ የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስምና የነገረውን ሰው ስም ጨምሮ ይመዝግብ። ቀደም ሲል የመጡት ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ አልጻፉልንም።