ሁሉን አቀፍ ልየታ፦ ፈተናው ዘንድ ያልደረሱት ልጆች

ባለ ልዩ ተሰጥኦ ሕፃናትን ለመምረጥ «ዩኒቨርሳል ስክሪኒንግ» የሚባል አሠራር አለ። በአማርኛ «ሁሉን አቀፍ ልየታ» ብንለው ይስማማዋል፤ ልየታን ከጤና ጣቢያ እናውቀዋለንና። መምህር የጠቆመውን ወይም ወላጅ ያመለከተለትን ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ የክፍል ደረጃ ያሉትን ተማሪዎች በሙሉ አንድም ሳይቀር በተመሳሳይ አጭር መመዘኛ ማየት ማለት ነው።

ለምን እንዳስፈለገ ከሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ወጣ ብሎ ያለው የአባርሶ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስረዳናል። አሜሪካዊው ጆናታን ስታር በ2009 እ.ኤ.አ. የከፈተው ይህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በፈተና ይመርጣል። ከተመራቂዎቹ ሃርቫርድ የገቡ አሉ። ከዘላን ፍየል አርቢ ቤተሰብ የተወለደው ሙባሪክ መሐሙድም ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ይህ ታሪክ ሲነገር የሚወደሰው የልጁ ጉብዝና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እንደ እሱ ጎበዝ ሆነው ፈተናው ዘንድ ያልደረሱት ናቸው።

ሶማሊላንድ በ2011 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከክፍያ ነፃ አድርጋለች። ትልቅ እርምጃ ነው፤ የዘላኑን ልጅ የሚያስቀረው ግን ክፍያ ብቻ አይደለም። ጂላል በሚባለው ደረቅ ወቅት ቤተሰብ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ከግመሎቹ ጋር ሲነቀል ልጁም አብሮ ይነቀላል። ሴት ልጅን ደግሞ የቤቱ ሥራ ይይዛታል። ቋንቋም አለ፦ በሶማልኛ የጀመረ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ ፈተናው ለተቀመጡት ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ማን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ተወስኗል።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የብራዋርድ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ይህን ችግር በ2005 እ.ኤ.አ. በቀጥታ ገጠሙት። እስከዚያ ድረስ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆች ወደሚማሩበት ልዩ ክፍል የሚወስደው መንገድ የመምህር ወይም የወላጅ ጥቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቃል የማይፈልግ መመዘኛ ወሰዱ፤ ሥዕላዊ ንድፍ ይቀርባል፣ አንድ ቁራጭ ይጎድለዋል፣ ልጁ ከታች ካሉት አማራጮች የሚገጥመውን ይመርጣል። ጥሩ ያመጡት ወደ ሙሉው የአእምሮ ምዘና ተላኩ። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ባጠኑት መሠረት ልዩ ክፍል የገቡ ጥቁር ተማሪዎች በ80 በመቶ፣ ሂስፓኒኮች በ130 በመቶ ጨመሩ። በጥቆማ ከተዘለሉት መካከል ሴቶችና ድሆችም ነበሩ። ለድሃ ልጆችና ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ቀድሞም ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ነበር፤ ልየታው ሲመጣ የተነካ ነጥብ ግን የለም። የተለወጠው የሚታየው ልጅ ብዛት ነው።

ልየታውን ከድጋፍ እርምጃ የሚለየውም ይኸው ነው። በእኛ አገር በኢትዮጵያ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 እና 89 ልዩ ድጋፍን ያውቃል። እርምጃውን እደግፋለሁ። ነገር ግን የሚደርሰው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለጨረሰ ነው፤ በሦስተኛ ክፍል ማንም ሳያስተውለው ያቋረጠውን ልጅ አይመልሰውም።

ልየታ ወጪ አለው። ብራዋርድ በጀት ሲጠብበት አሠራሩን አቋረጠ፤ የቀድሞው ልዩነትም ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤት ለምትከፍቱ ሁሉ፣ በሐርጌሳም ሆነ በአገር ቤት፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመግቢያ ፈተና ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ በዙሪያችሁ ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መመሪያ እየሰጣችሁ መዝኑ፤ ከብት ተከትሎ ለሄደውም መመዘኛውን ይዛችሁ ሂዱለት።