ካርልሄንዝ ቦም፦ ከፊልም ተመልካች ፍርድ እስከ መርሐቤቴ

የፊልም ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በዳይሬክተሮች፣ በተዋንያንና በሽልማቶች ዙሪያ ሲሆን፣ ከፍሎ የሚገባው፣ የወደደውን ወዶ የጠላውንም ጠልቶ የሚወጣው ተመልካች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያገኘው ቦታ ጠባብ ነው። ይሁንና ተመልካች ስለ ፊልም የሚሰጠው ፍርድ የተዋናይን ስም ከማንሣትና ከመጣል አልፎ፣ አንዳንዴ ፊልሙ ከተሠራበት አገር እጅግ በራቀ ስፍራ ውጤቱ ይታያል። በሰሜን ሸዋ፣ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ በላይ የሚገኘው የመርሐቤቴ ደጋና ዋና ከተማው ዓለም ከተማ፣ ታሪካቸው ከአውሮፓ ፊልም ታሪክ ጋር በአንድ ተዋናይ ሕይወት በኩል የተሳሰረ በመሆኑ፣ ለዚህ አባባል ግልጽ ማስረጃ ናቸው። ተዋናዩ ካርልሄንዝ ቦም ናቸው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታትም፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ቦም በ1928 በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው ስመ ጥሩው የኦርኬስትራ መሪ ካርል ቦም፣ እናታቸውም የኦፔራ ድምፃዊት ነበሩ። ዝናቸው የገነነው ኤርንስት ማሪሽካ ከ1955 እስከ 1957 በየዓመቱ ባዘጋጃቸው ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች ሲሆን፣ በእነዚህም የኦስትሪያውን ወጣት ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው፣ እቴጌ ኤልሳቤጥን ሆና ከተጫወተችው ከሮሚ ሽናይደር ጋር ተወኑ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ ገና በመውጣት ላይ የነበረው የጀርመንና የኦስትሪያ ሕዝብ ያማረ ልብስ፣ የተዋበ ቤተ መንግሥትና ንጹሕ ፍቅር ማየት ናፍቆት ስለነበር፣ ፊልሞቹን በእጅጉ ወደዳቸው። በ1973 ቼኮስሎቫኪያና ምሥራቅ ጀርመን በጋራ የሠሩት፣ በቼኩ ዳይሬክተር ቫስላቭ ቮርሊቼክ የተዘጋጀው የሲንደሬላ ተረት ፊልም በገና ሰሞን በየዓመቱ እንደሚታይ ሁሉ፣ «ሲሲ»ም የበዓል ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ከጥበብ አንጻር ሲመዘን የቼኩ ሥራ የተሻለ ነው፤ ጀግናዋ ፈረስ ጋላቢና አዳኝ በመሆኗ ዕድሏን በገዛ እጇ ስትወስን፣ «ሲሲ» ግን የዘመኑን ቁስል በውበት ሸፍኖ ያልፋል።

ተመልካች ለቦም የሰጠው ሁለተኛ ፍርድ ከመጀመሪያው ፍጹም የተለየ ነበር። በ1960 እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ማይክል ፓወል ባዘጋጀው «ፒፒንግ ቶም» በተባለ ፊልም ላይ፣ ሴቶችን እየገደለ በሞታቸው ሰዓት የሚታይባቸውን ፍርሃት በካሜራ የሚቀርጽ ወጣት ሆነው ቀረቡ። የብሪታንያ ሀያስያን፣ ማለትም ፊልም እየመረመሩ በጋዜጣ የሚጽፉ ዐዋቂዎች፣ ፊልሙን እንደ ነውር ቆጥረው አወገዙት፤ ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች ፈጥኖ ከመነሣቱም በላይ የዳይሬክተሩ የሥራ ዕድል በአገሩ ክፉኛ ተጎዳ። ዓመታት አልፈው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካዊው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ ድጋፍ እንደገና ለሕዝብ ሲቀርብ ግን የቀድሞው ፍርድ ተገለበጠ፤ ዛሬ ከብሪታንያ ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ የኋለኛው ፍርድ ትክክለኛው ነው። ፊልሙ ሀያስያንን ያስቆጣው ጭካኔን ስላሳየ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ሥቃይ በጨለማ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ራሱ ከተጠያቂነት ነጻ መሆን አለመሆኑን ስለጠየቀ ጭምር ነው።

ቦም በ1970ዎቹ አጋማሽ ከዳይሬክተር ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር ጋር የሠሯቸው ፊልሞችም ይኸንኑ የጥያቄ መንገድ ተከትለዋል። በተለይ በ1974 በተሠራው «ማርታ» ላይ፣ በጨዋነትና በለሰለሰ አነጋገር ሚስቱን የሚያሠቃይ ባል ሆነው መጫወታቸው፣ የ«ሲሲ»ን ንጉሠ ነገሥት የወደደ ተመልካች ያንኑ ያማረ ገጽ ዳግመኛ እንዲመረምር የሚያስገድድ ነው። ትወናቸው ከሁሉ የላቀበት ሥራም ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1976 ቦም ለሕክምና ወደ ኬንያ በሄዱበት ጊዜ ያዩት ድህነት በልባቸው አድሮ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1981 በጀርመን ቴሌቪዥን «ቬተን ዳስ» በተባለው፣ እንግዶች በሚወራረዱበት ተወዳጅ ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሦስት አንዱ እንኳ በአፍሪካ ሳህል አካባቢ ለተቸገሩ ሰዎች አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሺሊንግ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። የሰጠው ሰው ቁጥር ከተባለው በታች በመሆኑ ውርርዱን አሸነፉ፤ ነገር ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ስለተሰበሰበ ገንዘቡን ይዘው በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኅዳር ወርም ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሥራ በሐረርጌ፣ በኤረር ሸለቆ ተፈናቃዮችን ማስፈር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ድርጅቱ ወደ መርሐቤቴ ዘልቆ በትምህርት፣ በጤና፣ በንጹሕ ውኃና በአፈር ጥበቃ ሥራ ተሰማራ፤ በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታልም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ከተማዋ በሙኒክ አቅራቢያ ከምትገኘው ከፋተርሽቴተን ጋር የመሠረተችው ወዳጅነትም በዚሁ አሥርተ ዓመት የተጀመረ ነው።

የመርሐቤቴ ገበሬ ቦምን የመዘናቸው በፊልም አልነበረም። ሲኒማ በምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባና በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ከተባለ በኋላም፣ ፊልም ማየት ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ከተሞች ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» እንኳ በዋናነት የከተሜ ተመልካች ፊልም ነበር። ስለዚህ በአውሮፓ ንጉሠ ነገሥት ወይም ነፍሰ ገዳይ ሆነው የታወቁት ሰው፣ በዚህ ደጋ የሚታወቁት በምንጭ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ነው። ኢትዮጵያም በ2003 የክብር ዜግነት ሰጥታቸዋለች፣ በአዲስ አበባም አደባባይ በስማቸው ይጠራል፤ እርሳቸው ያረፉት በግንቦት 2014 ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋና ትምህርት፣ መመልከት ከራሱ ጋር ኃላፊነት ይዞ እንደሚመጣ ነው። «ፒፒንግ ቶም» የሰውን ሥቃይ አይቶ ዝም ብሎ የሚወጣውን ተመልካች ወቀሰ፤ የ1981ዱ ውርርድ ደግሞ ያንኑ ተመልካች ካየ በኋላ እጁን እንዲዘረጋ ጠየቀው። ሰው በ«ሲሲ» ዘመን ለተዋናዩ የሰጠው ፍቅር ከጊዜ በኋላ አመኔታ ሆኖ፣ አመኔታውም ገንዘብ፣ ገንዘቡም በዓለም ከተማ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ለመሆን በቅቷል። እንግዲህ የቦምን ፊልሞች የሚመዝን ሀያሲ መርሐቤቴን ሳይጨምር ፍርዱን ሊፈጽም አይገባም። የመርሐቤቴ ወጣቶችም እነዚህን ፊልሞች አይተው፣ ደካማውን ደካማ፣ ጠንካራውን ጠንካራ ብለው የራሳቸውን ፍርድ ቢሰጡ፣ ለባለውለታቸው የሚያቀርቡት ምስጋና በዕውቀት ላይ የቆመ ይሆናል።