የፋይበር ኦፕቲክ ካሜራ ገመድ አያያዝ

በስብሰባ አዳራሾችና በስታዲየሞች ለቀጥታ ስርጭት የሚዘረጋው የፋይበር ኦፕቲክ ካሜራ ገመድ ከውጭ ሲታይ ከተራ የኤሌክትሪክ ገመድ እምብዛም አይለይም። ይሁንና ኤስ ኤም ፒ ቲ ኢ 311 በተባለው ደረጃ መሠረት የሚመረተው ገመድ ሁለት የመስታወት ክሮችን፣ የመዳብ ሽቦዎችንና የአረብ ብረት ማጠናከሪያን አጣምሮ የያዘ ነው። ክሮቹ ምስልና ድምፅን በብርሃን ሲያስተላልፉ፣ መዳቡ ለካሜራው ኃይል ያደርሳል።

ይህ ኃይል ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል በመሆኑ ገመዱ መነቀል ያለበት መቆጣጠሪያው ከጠፋ በኋላ ነው። ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች ገመዱ ሲነቀል ኃይሉን በራሳቸው የሚያቋርጡ ቢሆንም በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። ብርሃኑም ለዓይን የማይታይ በመሆኑ የገመዱን ጫፍ፣ በተለይም በአጉሊ መነጽር፣ መመልከት ለጉዳት ይዳርጋል።

ብርሃኑ የሚያልፍበት የክሩ እምብርት ስፋት 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ስለሆነም አንዲት የአቧራ ቅንጣት ምስሉን ልታቋርጥ ትችላለች። ባለሙያዎች ገመዱ እንደተነቀለ ክዳኑን የሚገጥሙት፣ ጫፉንም በአፍ ከመንፋት ይልቅ ለዚሁ በተዘጋጀ መጥረጊያ የሚያጸዱት ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የአዳራሹ ሠራተኞች ድርሻ ነው። በር የተዘጋበት፣ ወንበር የቆመበት ወይም ከመጠን በላይ የታጠፈ ገመድ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መተላለፊያ ላይ የሚያልፍ ገመድ መሸፈኛ ሊደረግለት፣ ከቦታው ማንሳት ሲያስፈልግም በቅድሚያ ለስርጭቱ ቡድን ሊነገር ይገባል።