ውርንጭላው መቼ ይሸጥ?

ውቤ በረሃ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አዝማሪ ቤትና ወደ ሌሊት ጨዋታ ይሮጣል። ስሙ ግን የሰው ስም ነው፤ በአንድ ወቅት የዘውዲቱ ባል የነበሩት የደጃዝማች ውቤ አትናፍሰገድ። በእሳቸው ዘመን፣ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ሥር የከተማዋ ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እህሉም፣ ቅቤውም፣ ማሩም፣ ፈረሱና በቅሎውም እዚያ ነው። ዛሬ ታክሲ የምንጋፋበት ፒያሳ፣ ያኔ የፈረስ አፍ ተከፍቶ ጥርስ የሚታይበት አገር ነበር።

እስቲ ራሳችንን በሻጩ ቦታ እናስቀምጥ። ከሰላሌ ወይም ከደብረ ብርሃን በኩል የመጣ ገበሬ ነው እንበል። የሦስት ዓመት ዳማ ፈረስ ይዟል። ዛሬ ይሽጠው ወይስ ይመልሰው?

ዕድሜውን ዋሽቶ መሸጥ አይችልም። ፈረስ እንደ ልጅ የወተት ጥርስ አለው። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ መካከለኞቹ የፊት ጥርሶች ይለወጣሉ፤ በሦስት ተኩል ቀጣዮቹ፣ በአራት ተኩል የዳርቻዎቹ። አምስት ዓመት ሲሆነው አፉ ሞልቷል። ከዚያ ወዲያ ጥርሱ እየተፋቀ ይሄዳል፣ እሱም ያሳብቃል። ስለዚህ የሦስት ዓመቱን የሚገዛ ሰው ተስፋ ነው የሚገዛው፤ ኮርቻ የለመደውን የአምስት ዓመቱን የሚገዛ ደግሞ ያየውን። ለተስፋ ማንም ሙሉ ዋጋ አይከፍልም።

ታዲያ ለምን ሁለት ዓመት አይጠብቅም? ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በተለይ ቆላ ቆላውን፣ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያስተላልፉት የፈረስ በሽታ ይነሳል። ከሚይዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹን ይገድላል። በቅሎ ከፈረስ ይሻላታል፤ አህያ ብዙም አይጎዳውም። የጠበቀ ሰው ሁለት እጥፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ባዶ ልጓም ይዞ ሊቀርም ይችላል።

ደግሞም አጠገቡ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ቆሟል። በዚያ ዘመን ጥሩ በቅሎ ከፈረስ በዋጋ ትበልጥ ነበር። መኳንንቱ መንገድ የሚሄዱት በሰጋር በቅሎ ነው፤ ፈረሱ ባዶውን እየተሳበ ይከተላል፣ ለጦርነትና ለጉግስ ይጠበቃል። ይሄ ለገበሬው ምን ማለት ነው? ትልቁን ውሳኔ የወሰነው ገበያ ሲወጣ ሳይሆን ባዝራዋ ሳታረግዝ ነው፤ ድንጉላ ፈረስ ያምጣላት ወይስ አህያ? ፈረስ የመረጠ ሰው ገዢው ጦረኛ እንደሚሆን ተወራርዷል ማለት ነው።

ውርርዱ ሞኝነት አልነበረም። ፈረስ ለጦረኛ ስሙ ነበር፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ስም የሚሆን ፈረስ የሚፈልግ ሰው እስካለ ድረስ ጥሩ ፈረስ ገዢ አያጣም።

ችግሩ ገዢው ራሱ እየተለወጠ መሆኑ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ገባ። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ። በ1923 ዓ.ም. ምኒልክ በፈረስ ላይ ተቀምጠው በነሐስ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆሙ። ጣሊያን ሲመጣ ሐውልቱን ነቀለው፣ የአራዳን ገበያም ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው። ከነፃነት በኋላ የነሐሱ ፈረስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገበያው ግን አልተመለሰም።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ገበሬው የፈረሱን ዕድሜ ከጥርሱ ያነባል፤ የገዢውን ዘመን ግን የሚያነብበት ጥርስ የለውም። የአራዳ ልጅ የምንለው ምናልባት ይሄን ሁለተኛውን ንባብ የሚችለውን ነው። በእሱ ቦታ ብሆን የጥርሱን መሙላት አልጠብቅም ነበር። ኮርቻ አስለምጄው፣ በአራት ዓመቱ፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ጃንሜዳ ላይ ጉግስ የሚጫወት ሰው ፈረስ በሚፈልግበት ሳምንት እሸጠዋለሁ። የቀረችውን አንድ ዓመት ትርፍ ገዢው ይውሰዳት። የቀረውን አንድ ክረምት ፍርሃትም አብሮ ይወስድልኛል።