ዲጂታል መታወቂያና የግል ሕይወት ጥበቃ

ዲጂታል መታወቂያ የአንድን ሰው የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል መዝግቦ ማንነቱን በአንድ ልዩ ቁጥር የሚያረጋግጥ ሥርዓት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በግል ሕይወት ላይ ተፅዕኖው የሚጎላው የባንክ፣ የስልክ፣ የሕክምናና የግብር መዝገቦች በዚያው ቁጥር ሲተሳሰሩ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ ለጠያቂው ታይቶ ወደ ኪስ ይመለሳል፤ ማን መቼ እንዳየው የሚመዘግብ እምብዛም የለም። በዲጂታል ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ማረጋገጫ ቀንና ሰዓቱን ይዞ በመረጃ ቋት ውስጥ ሊቀር ይችላል። መዝገቦቹ ሲደመሩ ባለመታወቂያው ከየትኞቹ ተቋማት ጋር መቼ እንደተገናኘ ያሳያሉ። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የተሰረቀ አሻራ ግን ምትክ የለውም።

ለጉዳዩ ሕንድ ዋነኛ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 መሠረቱ የተጣለው አድሃር የተሰኘው ባለ 12 አኃዝ መለያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግቧል። በሥርዓቱ ላይ የቀረቡት አቤቱታዎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው፣ ዘጠኝ ዳኞች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የግል ሕይወት መጠበቅ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

በቀጣዩ ዓመት አምስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት በአራት ለአንድ ድምፅ ሥርዓቱን ቢያጸናም፣ የግል ኩባንያዎች በቁጥሩ እንዲገለገሉ የሚፈቅደውን ድንጋጌ ሻረ። እስከ አምስት ዓመት እንዲቀመጥ ተፈቅዶ የነበረው የማረጋገጫ መዝገብም ከስድስት ወር በላይ እንዳይቆይ አዘዘ። ይህ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ያነሰ ቢወራለትም የዜጋውን ውሎ ከክትትል የሚጠብቀው በይበልጥ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሕግ ማሻሻያ ግን መለያው በባለቤቱ ፈቃድ ለባንክ ሒሳብና ለስልክ አገልግሎት እንዲውል በሩን መልሶ ከፍቷል።

ተመሳሳይ ጥያቄ ለኢትዮጵያም ይነሳል። ፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ሲያገኝ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ዘግይቶ ነው። ምዝገባው ከጥበቃ ሕጉ ቀድሞ ተጀምሯል ማለት ነው። በቀድሞ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ይሰፍር የነበረው ብሔር በፋይዳ ምዝገባ አይጠየቅም፤ ይህም ለባለመታወቂያው ደኅንነት ቀላል የማይባል ለውጥ ነው። የጥበቃ አዋጁን አፈጻጸም እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ሲያገኝ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው።