የክት ፎቶግራፍና የዘወትር ፎቶግራፍ

እናቶቻችን ልብስን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የክትና የዘወትር ብለው። የክቱ ከሣጥን የሚወጣው ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለክርስትና ነው። የዘወትሩ ግን ወጥ የሚሠራበት፣ ገበያ የሚወጣበት፣ ሰው ዕድሜውን የሚጨርስበት ነው። ፎቶግራፍም እንደ ልብስ የክትና የዘወትር እንዳለው የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንባቢ ሆይ! እስቲ በቤትዎ ያለውን የቆየ አልበም ይግለጡት። ሠርግ አለ፤ ምርቃት አለ፤ ከሐውልት ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘመድ አለ። አንዲት እናት ሽንኩርት ስትከትፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍስ አለ? እኔ በገለጥኳቸው አልበሞች ውስጥ አላጋጠመኝም።

ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ፓሪስ መሄድ ሊኖርብን ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ከቤቱ መስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና አነሣ። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚርመሰመስበት ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ግን ጭር ብሏል። ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ብርሃኑን ተቀብሎ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጥላ እንኳ ሳይተው አለፈ። ለይቶ የሚታየው አንድ ሰው ነው፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን የሚያስጠርግ። ሰው የታየበት የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ይህ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ በፎቶግራፍ ታሪክ ቀድሞ የታየው ሰው ንጉሥ ወይም የጦር መሪ ሳይሆን ሊስትሮ ዘንድ የቆመ መንገደኛ ነው ማለት ነው!

ይሁንና ይህ የዘወትር ሰው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ፈጠራው በ1839 በይፋ ከተገለጸ በኋላ ፎቶግራፍ መነሣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆነ። ተነሺው እንዳይንቀሳቀስ ጭንቅላቱን ከኋላ የሚደግፍ ብረት ይደረግለት ነበር። እንዲህ ለተለፋበት ነገር ማን የዘወትር ልብሱን ለብሶ ይቀርባል? ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ የክት ሆኖ ተወለደ።

ወደ እኛም የመጣው የክቱን ለብሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ በስመ ጥሯ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀረበ፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴም የሐበሻ ልብስ ከለበሰው ሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር። ሕፃኑ እንዴት እንደሚጫወት፣ ምን እንደሚበላ የሚናገር ፎቶግራፍ አይደለም። በኋላም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የፎቶግራፍ አንሺነቱን ሥራ ያዘ፤ ልጆቹም ወረሱት። ዘውዱን፣ ካባውንና ኒሻኑን ዛሬ የምናየው በእነርሱ ድካም ነው። ስለ ተራው ሰው ኑሮ ማወቅ የሚሻ የታሪክ ጸሐፊ ግን ከእነዚያ ፎቶግራፎች ጠርዝ ጠርዙን ሲፈልግ ይገኛል፤ ከመኳንንቱ ኋላ በቅሎ ይዞ የቆመውን፣ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠውን አሽከር።

የዘወትር ፎቶግራፍን በር የከፈተው ገበያ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክ ብሎ የሰየመውን ካሜራ 100 ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ጎርሶ ለገበያ አቀረበ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላክና ታጥቦ ይመለሳል። ዋጋው 25 ዶላር ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለውን በ1 ዶላር ሸጠ። በ1925 ጀርመን ውስጥ ለገበያ የዋለችው ላይካ 36 ፎቶ የሚያነሣውን ትንሹን ፊልም አስለመደች። በ1972 የወጣው ፖላሮይድ ኤስኤክስ-70 ደግሞ ፎቶውን ወዲያው ከሆዱ አውጥቶ ይሰጥ ጀመር። መሣሪያው የዘወትር ሆነ። የሰው ልማድ ግን እንደ መሣሪያው አልፈጠነም፤ ርካሹንም ካሜራ ይዞ የሚወጣው ለበዓልና ለጉዞ ነበር።

ልማዱን ከለወጡት አንዱ የኒውዮርክ ፊልም ሠሪ የነበረው ጄሚ ሊቪንግስተን ነው። ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1979 በፖላሮይድ ኤስኤክስ-70 አንድ ፎቶ አነሣ። ከዚያም በየቀኑ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ እያለ ከ18 ዓመት በላይ ቀጠለ። ከ6,000 በላይ በሆኑት ፎቶዎቹ ውስጥ የሚበዙት ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ የሚበላ ወዳጅ ናቸው። ወደ መጨረሻው ሕመሙ ይመጣል፤ ሆስፒታሉ ይታያል፤ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሠርጉ አለ። ያረፈው ጥቅምት 25 ቀን 1997፣ 41 ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። ጓደኞቹ ፎቶዎቹን ሰብስበው በ2007 በተማረበት ባርድ ኮሌጅ ለእይታ አቀረቧቸው። አንዱን ነጥሎ ለሚያይ ተራ ነገር ነው፤ በተራ ለሚያያቸው ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ካርል ባደን የተባለውም ከየካቲት 23 ቀን 1987 ጀምሮ የገዛ ፊቱን በየቀኑ እያነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘልቋል።

እኔ የሊቪንግስተንን ታሪክ ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። በቀን አንድ ማንሣትን ያስተማሩኝ በሰፈራችን ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ከአጎቴ ያገኘሁትን ዜኒት ካሜራ ይዤ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ፊልም ውድ ነው፤ አንተ ደግሞ ድሃ ነህ። በቀን አንድ አንሣ። ግን አንድም ቀን እንዳታሳልፍ።»

«ካሳለፍኩስ?»

«ካሳለፍክማ በማግሥቱ ሌንሱን ክደንና ባዶውን አንሣው። ያላየኸው ቀን መኖሩን ፊልሙ ይመስክርብህ።»

መስከረም 1 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀመርኩ። ሒሳቡን ስሠራው ደስ አለኝ፤ የእኛ 12 ወር 360 ቀን ነውና ባለ 36ቱ ፊልም ዐሥር ጥቅል ልክ ይሆነዋል፤ ለጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ አዲስ ፊልም ይጎረሳል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሌንሱን መክፈቻና ፍጥነቱን በደብተር እጽፍ ነበር።

የመጀመሪያው ወር የክት ነበር። የመስቀል ደመራ፣ የለገሃር አንበሳ፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን። በጥቅምት ግን «የሚያምር ነገር» አለቀብኝ። ግድግዳና ማንቆርቆሪያ ማንሣት ያዝኩ። ትምህርቱም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ነጠላ የለበሱ ሴቶችን ባነሣሁ ቁጥር ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣብኝ ነበር። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚቆጥር፣ ሰፊ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ እኔም እርሱን አምኜ ሌንሱን አጠባለሁ። መለኪያውን ወደ ፊታቸው ጠጋ አድርጎ መለካት እንደሚገባ የተማርኩት አራት ቀን፣ ማለትም አራት ፎቶ፣ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ዐርባውን በአንድ ቀን አንሥቼ ቢሆን ኖሮ ዐርባውንም አጠቁራቸው ነበር። አንድ ብቻ ሲሆን ሰው ስለ ስሕተቱ አንድ ሌሊት ያስባል።

ትልቁ ትምህርት ቤቴ የእናቴ ማድ ቤት ነበር። በአንዲት ትንሽ መስኮት የሚገባው ብርሃን ጭሱን ሰንጥቆ ሲወርድ ያምራል፤ ግን ጥቂት ነው። የዜኒት ዝቅተኛ ፍጥነት የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ስለሆነ መቃኑን ተደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ማንሣት ለመድኩ። ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንፋሎቱን አነሣሁ። እናቴን ግን አላነሣኋትም። ካሜራውን ወደ እርሷ ባዞርኩ ቁጥር፣ «እንዲህ ሆኜ? ቆይ ልጄ፣ የክቴን ልልበስ» ትለኛለች። የክቷን ለብሳ እስክትመለስ ብርሃኑ ይሄዳል። እኔም በልቤ ነገ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልገፋሁባትም፤ ሁልጊዜ እዚያው ያለች መስሎኝ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ክዳን ያየባቸው ቀኖች 17 ሆኑ። አዛውንቱ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ «ለጀማሪ ደህና ነው» አሉኝ።

እናቴ በ1991 ዓ.ም. አረፈች። ለለቅሶው ፎቶግራፍ ሲፈለግ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የነበረው ጉርድ ብቻ ነው። አስፋፍተን ሰቀልነው። ዐይኗን አፍጥጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ፤ እኛ የማናውቃት ሴት። ፎቶ አንሺ ነኝ የሚል ልጅ ላላት እናት!

ከዐርባዋ በኋላ ኔጋቲቮቹን አውጥቼ አየኋቸው። በየካቲቱ ፊልም ላይ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና አለ። በፎቶው ቀኝ ጠርዝ አንድ እጅ ገብቷል፤ ሲኒ ይዟል፤ አውራ ጣቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ደብተሬን ብገልጥ በዚያ ቀን የጻፍኩት፣ «እጅ ገባበት፤ ተበላሽቷል» ይላል። የእናቴ እጅ ነው። ዛሬ ከግድግዳዬ ላይ ያለው እርሱ ነው።

በቤተ መንግሥቱ ፎቶ ጠርዝ የቆመውን አሽከር ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። እኔም እንደዚያ ዘመን አንሺዎች የሚገባውን ነገር ከመሐል አድርጌ፣ የምወደውን ሰው ጠርዝ ላይ ቆርጬዋለሁ። በየቀኑ ማንሣት ዐይንን ያስተምራል፤ ብርሃንን ያስለምዳል፤ እጅን ያጸናል። ነገር ግን የትኛው ፎቶ እንደተበላሸና የትኛው እንደተሳካ የሚፈርደው አንሺው ሳይሆን ዘመን ነው። የዕለቱ ሥራ አንሥቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ማስቀመጥ ነው። እኔ ያንን ኔጋቲቭ ተበላሽቷል ብዬ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይቀረኝ ነበር?

ዛሬ ካሜራ በየኪሳችን አለ፤ በአንድ ሠርግ ብቻ ሺህ ፎቶ ይነሣል። ብዛቱ ግን የዘወትር አያደርገውም፤ የክቱ በዛ እንጂ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከነገ ጀምረው በቀን አንድ ያንሡ ብል ትልቅ ምክር አይደለም። ወጥ የሚያማስለውን፣ በር የሚከፍተውን፣ ጋዜጣ ይዞ የሚያንቀላፋውን ሰው ያንሡ። ጥቂቱን በወረቀት አሳትመው ከጀርባው ቀኑን ይጻፉበት። «ቆይ የክቴን ልልበስ» የሚልዎት ሰው ካለም ይጠብቁትና በክቱ ያንሡት፤ ክብሩ ነውና። ከዚያ ልብሱን ቀይሮ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ሁለተኛውን ያንሡ። እኔ ሁለተኛውን ለነገ አሳድሬው ነበር።